ከግቡ ጀርባ የቆመው በረኛ

ሴልሶ ያኔዛ በረኛ መሆን ፈልጎ አያውቅም። አጥቂ ነበር፤ ያውም የማይረባ አጥቂ። ሲሮጥ ሁለቱ እግሮቹ የተኳረፉ ይመስሉ ነበር። ከግቡ ፊት ለፊት ብቻውን ሲቀር ደግሞ ኳሷን ወደ ባሕሩ ይልካታል። የመንደራችንን የፖርቴያን ሜዳ ከወደቡ የሚለየው አንድ አጭር ግንብ ብቻ ስለነበር፣ በእሱ ጥፋት ጀልባ ተውሰን ኳስ ፍለጋ የቀዘፍንባቸው እሁዶች ጥቂት አይደሉም።

እኔ ኔል ነኝ። ከሴልሶ ጋር አንድ ሰፈር አድጌያለሁ፤ በግራ ተከላካይነት አብሬው ተጫውቻለሁ፤ አሁን እዚያው ወደብ ላይ ሲድራ የሚሉትን የፖም ጠጅ እየቀዳሁ እኖራለሁ። የሱን ነገር ሰዎች የሚጠይቁት እኔን ነው፤ እሱ ራሱ ሲጠየቅ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ "ተጫወትኩ፣ ከዚያ አቆምኩ" ብሎ ያልፋል።

በረኛ ያደረገው የሰው ሰርግ ነው። አንድ እሁድ የፖርቴያ በረኛ እህቱን ሊድር ሄዶ ሳይመጣ ቀረ። አሰልጣኛችን ዶን ኦኖሪኖ፣ በሥራ ቀን የሰርዲን ፋብሪካው ተቆጣጣሪ፣ በእሁድ ደግሞ የእኛ ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ መልበሻ ክፍሉ መሀል ቆመው አንድ በአንድ አዩን። ዓይናቸው ሴልሶ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"አንተ ረጅም ነህ" አሉት። "ደግሞ ከፊት መስመር ብትጎድል ማንም አይናፍቅህም።"

ሁላችንም ሳቅን፤ እሱ ግን አልሳቀም። የሰው ሹራብ ለብሶ፣ ፊቱን አጥቁሮ ገባ። ያን ቀን ዝናብ ነበር። ኳሷ እንደ ሳሙና ታሟልጫለች። እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባቱ ጋር ጀልባ ሲያራግፍ፣ ከላይ የሚወረወርለትን የዓሣ ሣጥን ሲቀልብ ያደገ ሰው ነበርና እርጥብ ነገር አላስደነገጠውም። አንድ ለዜሮ አሸነፍን። ተሸክመነው ስንገባ ዶን ኦኖሪኖን ፈልጎ "በሚቀጥለው እሁድ ወደ ፊት መስመር ይመልሱኛል አይደል?" አላቸው። "እናያለን" አሉት። በየእሁዱ ይጠይቃል፣ በየእሁዱ "እናያለን" ይሉታል። እንዲህ ሲባባሉ ዓመት አለፈ።

በአንደኛ ዲቪዚዮን ይጫወት የነበረው የአውራጃው ትልቅ ቡድን የኡኒዮን ሰዎች ወደ ፖርቴያ ሲመጡ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሊያዩ የመጡት እኔን ነበር። ሁለታችንንም ይዘውን ሄዱ። የሴልሶ እናት አውቶቡሱ ድረስ ሸኝታን፣ "ኔል፣ አደራ፣ እንዳያጠቃ" አለችኝ። ማጥቃት ያለችው ጠብ ይሁን ጨዋታ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ኡኒዮን ግን በረኛ ነበረው። አንቾን ይባላል፤ ከባስክ ባሕር ዳርቻ የመጣ፣ ትከሻው በር የሚያህል፣ ከወሬ ምግብ የሚመርጥ ሰው ነው። በክረምት ጭቃ ውስጥ ይንከባለላል፤ የአጥቂ ጉልበት ጎኑን ይመታዋል፤ ተነስቶ ሱሪውን አራግፎ ይቆማል። ሴልሶ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይህን ሲያይ፣ ተራዬ አይደርስም ብሎ አንጀቱ ያርር ነበር። አንድ ጊዜ ለንስሐ ቄስ ዘንድ ሄዶ፣ ባልንጀራዬ ክፉ እንዲያገኘው እመኛለሁ ብሎ ተናዘዘ። ቄሱ ደንግጠው፣ እግሩ እንዲሰበር ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ኧረ የለም አባ፣ ጉንፋን ብቻ፣ ለአንድ እሁድ የሚሆን፣ አላቸው።

አንቾንን ጉንፋንም አልያዘውም። ግን አንድ ቀን ልምምድ አልቆ ሁሉም ሲበተን ሴልሶን ጠርቶ አስቀረው።

"እጅህ ጥሩ ነው" አለው። "አፍህ ግን ሙት ነው። አንድ ቃል ሳትተነፍስ ትወጣለህ፤ ተከላካዩ መምጣትህን በምን ይወቅ? ጩህ እንጂ!"

ሴልሶ መጮህ አይችልም ነበር። ቤታቸው ውስጥ ሲያወራ የኖረው አባቱ ነው፤ እሱ አፉን የመክፈት ተራ ደርሶት አያውቅም። አንቾንም በየሰኞው፣ በዕረፍታችን ቀን፣ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ወደብ እየወሰደው ግንቡ ጫፍ ላይ ያቆመውና በነፋሱ ላይ ያስጮኸው ጀመር። እኔም ለሳቁ ብዬ አብሬ እሄዳለሁ። በረኛ ኳስ ልይዝ ነው ልቀቁልኝ ለማለት የሚጮኸው "የኔ ናት!" ብሎ ነው። ሴልሶ የመጀመሪያዎቹን ሰኞዎች እንደ ድመት ሲያቃስት ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን ነፋሱ ጋብ ባለበት ቅጽበት ድምፁ ድንገት ተከፈተ።

"የኔ ናት!"

ከታች ወደቡ ድንጋይ ላይ መረብ ዘርግተው የሚጠግኑ ሴቶች ነበሩ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀና አሉ። መሀላቸው የነበረች፣ ፀጉሯን በቀይ ሻሽ ያሰረች ልጅ፣ መርፌዋን እንደያዘች ተነሳች።

"ማንኛችን ነን ያንተ?" አለች። "ለይተህ ተናገር፤ ግማሾቻችን ባል አለን።"

ሴቶቹ ተንከተከቱ። ሴልሶ እንደ በሰለ ሸርጣን ቀላ። አንቾን ጀርባውን በእጁ ገፋ አድርጎ "መልስ እንጂ፣ ጠየቀችህ እኮ" አለው።

"ለኳስ ነው" አለ ሴልሶ። "በረኛ ነኝ።"

"እኛ እዚህ ዓሣውን መረብ ውስጥ ግባልን ብለን ስንለምን እንውላለን፣ አንተ ደግሞ አትግባብኝ ትላለህ ማለት ነው" አለች ልጅቷ። "ከአንተ ጋር አንስማማም።"

ኦልቪዶ የምትባለው እሷ ናት። በሚቀጥለው ሰኞ አንቾን ሳይጠራው ሴልሶ ራሱ "ዛሬ አንጮህም እንዴ?" ብሎ መጣ። በዓመቱ ተጋቡ። አንቾን ሚዜ ሆነ፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ስትወለድም ክርስትና ያነሳት እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ "አበልጄ" እንጂ በስም ተጠራርተው አያውቁም። ያ ጉንፋን የተለመነለት ሰው በየሰኞው እቤታቸው ገብቶ የኦልቪዶን የዓሣና የድንች ወጥ ድስቱ እስኪታይ ይበላል።

ኦልቪዶ ሜዳ መጥታ አታውቅም። የተጫዋቾቹ ሚስቶች ለምን እንደማትመጣ ሲጠይቋት፣ ባሌን ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት ካማረኝ ቤቴ ውስጥ አይቼው የለም ወይ ትላቸው ነበር። ሴልሶ ይህን ሲሰማ ይስቃል። እነዚያ የወንበር ዓመታት ረጅም ነበሩ፤ በመጀመሪያ መረሩት፣ ከዚያ ለመዱት፣ በኋላ ግን በጣም ይወዳቸው ጀመር። የየቡድኑን አጥቂ ልማድ ያጠናል። ማን በየትኛው እግሩ እንደሚመታ፣ ማን ከመምታቱ በፊት መሬት መሬት እንደሚያይ ያውቃል፤ ለአንቾን ይነግረዋል፤ አንቾን ይይዛል። ሰኞ ቁጭ ብለው ጨዋታውን እንደገና ሲጫወቱት፣ ሁለት ሰው አንድ በረኛ የሆነ ይመስል ነበር። በኋላ በእርግጥ እንዲሁ ሆነ።

አንድ መኸር፣ ከሜዳችን ውጪ ስንጫወት፣ በቅርብ የተመታች ኳስ አንቾንን ፊቱ ላይ አገኘችው። ወደቀ፣ ፊቱን በውሃ ታጠበ፣ ተነሳ፣ ጨረሰ። ማንም ነገሬ አላለውም። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ግን ሴልሶ በልምምድ ላይ አንድ ነገር አየ። ከቀኝ የሚመጣውን ሁሉ አንቾን እንደ ድሮው ይቀልባል፤ ከሩቅ፣ ከግራ የምትመጣ ኳስ ላይ ግን ይዘገያል። እጁን የሚያነሳው ኳሷ ከደረሰች በኋላ ነው።

ሌሎቹ ሄደው ሦስታችን ብቻ ስንቀር ሴልሶ አንድ ኳስ አንስቶ፣ ምንም ሳይናገር፣ በአንቾን ግራ በኩል ቀስ አድርጎ ወረወራት። ትከሻውን መትታ ወደቀች። አንቾን አልተንቀሳቀሰም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለው ሴልሶ።

አንቾን ጫማውን ይፈታ ጀመር። ጭጋግ ነው አለ፤ የማለዳ ባሕር የመሰለ ጭጋግ ዓይኑ ላይ አለ። ዛሬ ይገፋል ነገ ይገፋል ሲል አልገፋ አለው። ሐኪም ቢያየው እንደሚያስወጡት ያውቃል። ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ ሌላ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ በረኛ ካልሆነ ምን እንደሆነ አያውቅም።

እኔ ሴልሶን አየሁት። ለዶን ፋኩንዶ፣ ለኡኒዮኑ አሰልጣኝ፣ አንድ ቃል ቢናገር እሁድ ግቡ የሱ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር እጁ ይገባል። እሱ ግን መሬት ላይ የወደቀችውን ኳስ አንስቶ በሁለት እጁ እያሻሸ ቆየና፣ "እስከ ወቅቱ መጨረሻ" አለ። "ከዚያ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ። እምቢ ብትለኝ እኔ ራሴ ጎትቼ እወስድሃለሁ።"

"እስከዚያስ?" አልኩ እኔ።

"እስከዚያ እኔ አያለሁ፣ እሱ ይይዛል። አንተ ደግሞ በግራ በኩል ማንም እንዳያልፍህ።"

በሚቀጥለው እሁድ ጨዋታው እንደተጀመረ ሴልሶ ከወንበሩ ተነሳ፤ ሰውነቱን የሚያሟሙቅ መስሎ እየዘለለ በመስመሩ ዳር አልፎ ከአንቾን ግብ ጀርባ ደረሰና እዚያው ቀረ። ይዘላል፣ እጁን ያወዛውዛል፣ ወገቡን ያጥፋል፤ ከግራ ኳስ ስትመጣ ብቻ ድምፁ ይሰማል። "ታች!" ሲል አንቾን ይወድቃል። "ላይ!" ሲል ይዘላል። "ውጣ!" ሲል ይወጣል። የመስመር ዳኛው ያባርረዋል፤ ሴልሶ ይቅርታ ይጠይቅና ወደ ወንበሩ ይመለሳል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እየዘለለ ይመጣል። ከዕረፍት በኋላ እኛ ጎን ስንቀይር እሱም ይቀይራል።

በእንዲህ ዓይነት መንገድ ክረምቱን አለፍነው። አንቾን እንዲያውም ከቀድሞው የተሻለ ያዘ። የከተማው ጋዜጣ፣ በመላው እስፔን እንደ ሴልሶ ያኔዛ ሰውነቱን ያሟሟቀና እንደ እሱ ያልተጫወተ ሰው የለም ብሎ አላገጠበት። ሴልሶ ጋዜጣውን ቆርጦ ግድግዳው ላይ ለጠፈው።

ያልሳቀችው ኦልቪዶ ብቻ ናት። ነገሩን የሰማችው ዘግይታ ነው፣ ከእኔ፣ ሳላስብ አምልጦኝ። አንድ ሰኞ አንቾን ሊበላ ሲመጣ ድስቱን ከእሳቱ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ሳታቀርበው ቆመች።

"አንዳችሁ የልጅ አባት፣ አንዳችሁ የክርስትና አባት ናችሁ" አለች። "ቀልድ መስሏችኋል። የሰው ዓይን ቢጠፋ ማን ሊተካው ነው? አንተ ነህ፣ አበልጄ፣ እንዲህ ቂል የምትሆነው? አንተስ ሴልሶ፣ ወዳጅ ነኝ ብለህ ነው?"

አንቾን ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሱን አትቆጪው አላት። ሴልሶ ግን ያን ቀን ወጡን አልበላም። በማግስቱ ሐኪም ቤት ካልሄድን ብሎ አንቾንን ለመነው፤ አንቾንም ጥቂት ጨዋታ ነው የቀረው ብሎ አስማለው። ሴልሶ እንደዚያ ወቅት ከስቶ አያውቅም። ኋላ ሲነግረኝ፣ ኦልቪዶ ልክ እንደነበረች ያውቅ ነበር፤ ግን ልክ መሆኗን እያወቀ ወዳጁን አሳልፎ መስጠት አቃተው።

የመጨረሻው ጨዋታ በዋና ከተማው ነበር። ካልተሸነፍን በዲቪዚዮኑ እንቆያለን፤ ከተሸነፍን እንወርዳለን። በአውቶቡስ የፓሃሬስን ተራራ ተሻግረን ሄድን፤ አንቾን መንገዱን ሁሉ በመስኮት እያየ፣ ሴልሶ የተጋጣሚዎቻችንን አጥቂዎች ልማድ ጆሮው ላይ እየነገረው።

ሜዳው ውስጥ ስንገባ ሁላችንም ነገሩ እንደተበላሸ ገባን። ያን ያህል ሕዝብ፣ ያን ያህል ጩኸት አይተን አናውቅም፤ አጠገቤ ያለው ሰው ሲናገር አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ አልሰማውም። ሴልሶ እንደ ልማዱ ሊዘልል ሲነሳ አንድ ፖሊስ ደረቱ ላይ እጁን አሳርፎ መልሶ አስቀመጠው። ተነሳ፤ መለሰው። ሦስተኛ ሲሞክር ዳኛው ራሱ መጥቶ፣ ካልተቀመጥክ ወደ መልበሻ ክፍል እልክሃለሁ አለው። ከወንበሩ ሆኖ ጮኸ። ድምፁ መስመሩን ሳይሻገር በሕዝቡ ጩኸት ተዋጠ።

ከዕረፍት በፊት አጥቂያቸው እኔን አታሎኝ አለፈና ከሩቅ መታ። ኃይለኛ ምት አልነበረም። አንቾን እንደ ቆመ በአጠገቡ ገባች። ደጋፊዎቹ በሳቅ ፈነዱ። አንቾን ዞር ብሎ ወደ መረቡ አየና፣ የምን ኳስ እንደሆነች የማያውቅ ሰው ይመስል፣ ጎንበስ ብሎ አወጣት።

መልበሻ ክፍል ስንገባ ዶን ፋኩንዶ አልተቆጡም፤ ግራ ገብቷቸው ያዩት ነበር። አንቾን ጓንቱን አወለቀና አጠገቡ አስቀመጠው።

"ዶን ፋኩንዶ፣ ግራ ዓይኔ አያይም" አለ።

ዶን ፋኩንዶ ወደ እሱ ተጠጉ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከገና በፊት ጀምሮ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ በምን ያዝክ?"

አንቾን አገጩን ወደ ሴልሶ ቀና አደረገ። "ያየው እሱ ነው። እኔ እጄን ብቻ ነው ያዋጣሁት።"

ዶን ፋኩንዶ ሴልሶን አዩ፤ ከዚያ ዓይናቸው ክፍሉን ዞሮ፣ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር የማጠብቀው እኔ ላይ አረፈ። አንተም ታውቅ ነበር ሲሉኝ አዎን አልኩ። "ከእኔ ሌላ የማያውቅ ሰው አለ?" አሉ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፣ አንዳንዱ ወደ ግድግዳው ዞረ። ዶን ፋኩንዶ ወደ ሴልሶ ዞሩ።

"እኔ ደግሞ ያ ሁሉ ዝላይ ብርድ የማይችል ሰው ሆኖ ነው ብዬ ነበር" አሉ። "በል ሴልሶ፣ ልበስ። መቼም ተሟሙቀሃል።"

"ዛሬ እንኳ አልተሟሟቅሁም፣ ዶን ፋኩንዶ" አለ ሴልሶ።

በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን። አንቾን የራሱን ጓንት አንስቶ ለሴልሶ አጠለቀለት፤ እንደ ሕፃን አንድ በአንድ ጣቱን እያስተካከለ። ምን እንዳለው አልሰማሁም። ሴልሶም ነግሮኝ አያውቅም።

የሁለተኛው አጋማሽ የመጀመሪያ ኳስ ከሴልሶ እጅ አመለጠች። እንደ ቀላል ነገር ወደ ደረቱ መጥታ ሾልካ ወረደች፤ እኔ ከመስመሩ ላይ በእግሬ ባልጠርጋት አልቆልን ነበር። ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ ነበር። "ይቅርታ ኔል" አለኝ። "ዝም ብለህ ጩህ" አልኩት። ጮኸ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እየጠነከረ። "ኔል ግራ! ተመለስ! ያዘው!" ድምፁን በሰማሁ ቁጥር ሰውነቴ ዘና ይል ነበር፤ የሌሎቹም እንደዚያው። ያን ሁሉ ወር ያን ድምፅ ከግቡ ጀርባ ስንሰማው ኖረናል፤ አሁን መጣና ከፊቱ ቆመ፣ ሌላ ለውጥ የለም። ከሩቅ የተመታችን አንዲት ኳስ በጣቱ ጫፍ አግዳሚው ላይ አሻግሮ አወጣት። ሌላዋን ከአጥቂው እግር ሥር ተንሸራትቶ ነጠቀ።

እኛም በአንድ መልሶ ማጥቃት አገባን። አጭሩ የቀኝ ክንፍ ተጫዋቻችን ነው ያገባው፤ ከደስታው ብዛት የራሳችንን አሰልጣኝ ጥሎ ወደቀባቸው። አንድ ለአንድ።

መጨረሻው ላይ የማዕዘን ምት አገኙ። በረኛቸው ሳይቀር መጥቶ ከፊታችን ቆመ። ኳሷ ከፍ ብላ፣ ከግራ በኩል፣ በዚያ አንቾን በማያያት በኩል መጣች። ትርምሱ ውስጥ ማን ማንን እንደያዘ አይታወቅም። ያኔ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ተነሳ።

"የኔ ናት!"

እኔ በደመ ነፍስ ጎንበስ አልኩ። አጠገቤ የነበረው ተከላካያችን ጎንበስ አለ። የተቃራኒው አጥቂም፣ ሊመታት ዘልሎ የነበረው ሰው፣ አንገቱን ሰበር አደረገ፤ በኋላ ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ የራሱን በረኛ የሰማ መስሎት እንደነበር ተናገረ። ሴልሶ በሁላችንም ላይ ወጣና ኳሷን ደረቱ ላይ አቀፋት። የሚያምር ነገር አልነበረውም፤ ፎቶ አንሺዎቹ እንኳ አላነሷትም። ይዟት መሬት ላይ ተኛ። ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ ገና እንደታቀፋት ነበር።

አውቶቡሱ ውስጥ ሌላው ሲዘፍን ሁለቱ የኋላ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ተኙ። ዶን ፋኩንዶ ሦስታችንንም ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሱን። ከዚያ ሴልሶን አስጠርተው በሚቀጥለው ወቅት ከግቡ ጀርባ እንዳላይህ አሉት። ያ ነው ሹመቱ።

አንቾንን ሐኪም ቤት የወሰደችው ኦልቪዶ ናት፤ ክንዱን ይዛ፣ ለሴልሶ እንኳ ሳትነግር። የዓይን ሞራ ነው ተባለ፤ ኳሷ ባገኘችው ጊዜ የጀመረ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አብዛኛው ብርሃኑ ተመለሰ። መዘግየቱ እንዳልጎዳው ሐኪሙ ሲነግራት እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ከዚያ ቤት ገብታ ባሏንም አበልጇንም በዕድል ነው የተረፋችሁት ብላ እንደገና ሰደበቻቸው። ተጫውቶ መብላት ግን አበቃ። አንቾን ወደ አገሩ ተመለሰ፣ በመጀመሪያ ወራት ከሰው አልቀላቀል አለ፤ ሴልሶ በየሰኞው ባቡር ተሳፍሮ እየሄደ ዝም ብሎ አጠገቡ ይቀመጥ ነበር። በኋላ የመንደሩ ክለብ በረኞቹን እንዲያሠለጥን ሲለምነው እሺ አለ። እዚያም ግንብ አለ፣ እዚያም ነፋስ አለ።

ሴልሶ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የኡኒዮን ግብ ላይ ቆመ። ታላቅ በረኛ ነበር ብዬ አልዋሽም። ጥሩ በረኛ ነበር፤ ተከላካዮቹ የሚወዱት፣ ከኋላቸው ሲናገር ልባቸው የሚረጋላቸው። አንድ ጊዜ ለብሔራዊ ቡድን ተጠራ። ፖርቴያ በሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ተሰበሰበ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሲመለስ አዝኖ ይሆናል ብለን ስንጠብቀው፣ እንደዚያ የተመቸ ወንበር በሕይወቴ ተቀምጬ አላውቅም አለን።

ኦልቪዶም አንድ ቀን ሜዳ መጣች፤ ቀይ ሻሽ አስራ ከሴልሶ እናት ጎን ተቀመጠች። ሦስት ለዜሮ ተሸነፍን። ጨዋታው እንዴት ነበር ስንላት፣ ከወንበሩ ላይ ሆኖ የተሻለ ይጫወት ነበር አለች። ከዚያ በኋላ ግን አልቀረችም።

ጉልበቱ እምቢ ሲለው አቆመ። የመጨረሻ ጨዋታው በዝናብ፣ ምንም ዋንጫ በሌለበት፣ በግማሽ በሞላ ሜዳ ነበር። ከግቡ ጀርባ የሚቆሙት ደጋፊዎች ስሙን ሲጠሩ እጁን አነሳላቸው፤ መልበሻ ክፍል ገብቶ ሳሙና ያለው ሰው ፈለገ፣ ታጥቦ ወጣ። አሠልጥን ብለውት ነበር፤ እናቱ አርጅታ ስለነበር ወደ ፖርቴያ መመለስን መረጠ፣ የአባቱንም ትንሽ ጀልባ አሳድሶ ባሕር ገባ። አብረውን ከተጫወቱት ውስጥ ስታዲየሙ ዝም ሲልባቸው የሚይዙት የሚጨብጡት የጠፋባቸው አሉ። እሱ ላይ ያን አላየሁም።

አንቾን በየበጋው የአገሩን አይብ ይዞ ይመጣል፤ ሁለት ሳምንት ብሎ መጥቶ ወር ይቀመጣል። ባለፈው በጋ ሁለቱ እኔ ቤት ተቀምጠው ሲጠጡ፣ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ማንነታቸውን ሰምቶ፣ ጉልበት በነበረዎት ዘመን ያን ያህል ዓመት ወንበር ላይ ማለፉ አይቆጭዎትም ወይ ብሎ ሴልሶን ጠየቀው። ሴልሶ ብርጭቆውን አስቀምጦ አሰበ። ሲያስብ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

"የሚጫወት ሰው ጨዋታውን ግማሹን ነው የሚያየው" አለ። "እኔ ሙሉውን አየሁት። ደግሞ መጫወቱም ቢሆን አልቀረብኝም። ምኑ ይቆጨኛል?"

"እኔ ደግሞ ግማሹንም አላየሁም" አለ አንቾን፤ እንግዳው ለምን እንደሳቅን ሳይገባው አብሮን ሳቀ።

በማግስቱ ወደ ማምሻው ሁለቱ ካላማር የሚባለውን ለስላሳ የባሕር ፍጥረት ሊያጠምዱ ወጡ። ከቤቴ ደጃፍ ሆኜ አያቸው ነበር። ጀልባዋ ከግንቡ ብዙ አልራቀችም፤ ክሩን የት እንጣል በሚለው ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው እስከ እኔ ይደርሳል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር። ሲመለሱ ባልዲው ውስጥ ያለው ለአንድ ሰው የሚበቃ አልነበረም። ኦልቪዶ ወደቡ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ባልዲውን አየች፣ እነሱን አየች፣ ወደ ገበያው ሄዳ የሚጨመር ገዝታ መጣች። ዘይቱን እኔ ቤት ጣደች። አራታችንም ከአንድ ሰሃን በላን፣ አንቾን ከሁላችንም በለጠ፤ ሴልሶ ደግሞ የመጨረሻዋን ፍሬ አንስቶ ለሚስቱ አጎረሳት።